እምዬ ምኒልክ፣ ባሕር ዛፍ እና ሣር ያጣው ተራራ

ስለ ዳግማዊ ምኒልክ ሲነሳ የአብዛኞቻችን ሐሳብ ወደ አድዋ ይነጉዳል። ስልኩ፣ ባቡሩ፣ ባንኩ፣ ትምህርት ቤቱ… ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል። እኔ ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ግን በየቀኑ ከፊታችን ቆሞ እያየነው ትኩረት ስለነፈግነው ውርሳቸው ነው፤ ስለ ባሕር ዛፍ።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ላይ ተወለዱ። አባታቸው የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲሞቱ ገና ልጅ ነበሩ። አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ይዘው ወደ መቅደላ ወሰዷቸው፤ በምርኮም በልጅነትም መካከል አስር ዓመት ያህል ቆዩ። የቴዎድሮስን ልጅ እስከ ማግባት ደርሰው ነበር። በ1857 ዓ.ም. ግን ከአምባው አምልጠው ሸዋ ገቡና የአባታቸውን ዙፋን ያዙ።

መናገሻቸውን ከአንኮበር እያዘዋወሩ እንጦጦ የደረሱት በ1870ዎቹ ነው። ተራራው ለጠላት አይመችም፤ ዙሪያውን ያሳያል። የንጉሠ ነገሥትነት ዘውዳቸውንም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የጫኑት እዚያው እንጦጦ ማርያም ነው። ነገር ግን ተራራው ብርድና ንፋስ እንጂ በቂ ውኃና ማገዶ አልነበረውም። እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃን ወደዱ፤ በ1879 ዓ.ም. ከታች ያለው ሜዳ አዲስ አበባ ተባለ።

ከተማዋ ግን እንጨት በላች። የመኳንንቱ ሰፈር፣ የወታደሩ ጎጆ፣ የግብሩ ወጥ ቤት… ሁሉም ከአንድ ተራራ ላይ ነው የሚቆርጠው። የእንጦጦ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ተመናመነ። ማገዶ ከሩቅ መምጣት ሲጀምር ንጉሡ ሌላ መናገሻ ፍለጋ ወጡ፤ በአዲስ ዓለም ቤተ መንግሥት መሥራት ተጀመረ። አዲስ አበባም እንደ ቀደሙት የሸዋ ከተሞች ልትፈታ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ባሕር ዛፍ የሚመጣው። የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው። ዘሩ በ1880ዎቹ አጋማሽ ገደማ በውጭ አገር ሰዎች እጅ ገባ፤ በብዛት ስሙ የሚነሳው የንጉሡ ፈረንሳዊ አማካሪ ሞንዶን ቪዳልዬ ነው። ባሕር ተሻግሮ ስለመጣ ሕዝቡ ባሕር ዛፍ አለው። ምኒልክም ነገሩ ገባቸው። ችግኝ በርካሽ እንዲታደል፣ ዛፉ የተተከለበት መሬትም የግብር ቅናሽ እንዲያገኝ ማድረጋቸው ይነገራል። በጥቂት ዓመታት ለጣውላ፣ ለአጥርና ለማገዶ የሚሆን እንጨት ቆመ። ተቆርጦም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። መናገሻዋ ቀረች፤ የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

አሁን ወደ ሌላኛው ገጽ ልውሰዳችሁ። እኔ ያደግሁት የካ ነው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ባለው ዳገት፣ በረጃጅሞቹ ዛፎች ሥር ከብት የምናግድበት ሣር ብዙም እንዳልነበረ አስታውሳለሁ። ደረቅ ቅጠልና ቀይ አፈር ብቻ። ምክንያቱ ጥላ ብቻ አይደለም። ዛፉ ውኃውን ይሻማል፤ ቅጠሉ ደግሞ ዘይትና ሌሎች ቅመሞች ይዟል። ዝናብ ሲያጥበው ቅመሙ ወደ አፈር ይሰርግና የሌላውን ዘር ብቅለትና ሥር ያቀጭጫል። በአጭሩ ባሕር ዛፍ ራሱ ፀረ አረም ረጪ ነው! እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ ጥናት የባሕር ዛፍ ቅጠል የተዘፈዘፈበት ውኃ የጤፍን፣ የሽምብራን፣ የአተርንና የበቆሎን ዘር ሞክሮ በአብዛኞቹ ላይ ብቅለትንና የሥር እድገትን እንደሚቀንስ አሳይቷል።

የፋብሪካውም መድኃኒት ከዚሁ ወገን ተምሯል። የባሕር ዛፍ ዘመድ የሆነው፣ በከተማችን ግቢዎች የምናየው ብሩሽ መሳይ ቀይ አበባ ያለው ዛፍ ሥር አረም እንደማይበቅል በካሊፎርኒያ አንድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1977 አስተዋለ። ከዚያ ቅመም ተነስቶ ሜሶትሪዮን የተባለው የበቆሎ ፀረ አረም ተሠራ። ስለዚህ ተፈጥሯዊ ሁሉ ደግ፣ ሰው ሠራሽ ሁሉ ክፉ ማለት አያስኬድም። ገበሬያችን በጤፍና በስንዴ ላይ የሚረጨው ቱ ፎር ዲ ቅጠለ ሰፊውን አረም እየመረጠ ይገድላል፤ ብዙ ጉልበትም አትርፏል። ንፋስ ወደ ጎረቤት ማሳ ከወሰደው ግን ባቄላውንና ኑጉን አይምርም።

ይህን ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። እንጦጦን ወደ አገር በቀል ዛፍ የመመለስ ሥራ ተጀምሯል፤ በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቷል። ባሕር ዛፍ ግን ተቆርጦ አይሞትም። በሌላው ዓለም ጉቶው ላይ ግላይፎሴት የተባለውን መርዝ ይቀቡታል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ተብለው ከሚገመቱት መደበው፤ የአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በበኩሉ በዚህ አይስማማም። ክርክሩ ለሊቃውንቱ ይቆይ። የእኔ ጭንቀት ቀበና ነው። ከእንጦጦ የሚወርደው ውኃ በየካ ሰፈሮች ሥር ያልፋል፤ ልብስ የሚያጥቡበት፣ ጎመን የሚያጠጡበት አሉ። ቅጠል ተሸክመው በየቀኑ የሚወርዱት እናቶችም በዚያው ጫካ ነው እንጀራቸው። ጉቶውን በዶማ መንቀል አድካሚ ቢሆንም ለወጣቱ ሥራ ይሆናል፤ ወንዙንም በመርዝ አይበክልም።

የምኒልክ ዘመን ሰዎችም ጣጣውን ሳያዩት አልቀሩም። ንጉሡ በሕመም አልጋ ላይ በዋሉበት በመጨረሻዎቹ ዓመታት፣ ዛፉ ምንጭ አደረቀ ተብሎ ብዙው እንዲነቀል ትእዛዝ መውጣቱን የታሪክ ጸሐፍት መዝግበዋል። እምብዛም አልተፈጸመም። እንዴት ይፈጸም? ከተማው በሙሉ የሚያበስለው በእርሱ ነዋ!

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። መቃብራቸው በታእካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ነው። እርሳቸው የዘመናቸውን ችግር በዘመናቸው መፍትሔ ፈቱ፤ ዋና ከተማ አተረፉልን። ሣሩንና ምንጩን የመመለሱ ፋንታ የእኛ ነው። አንዱን መርዝ በሌላ መርዝ ካላባረርነው ተራራው ይመለሳል።

ቸር እንሰንብት!