ስህተቱን ያልደበቀው ሳይንቲስት

በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ኦክስጅን ኦ፣ ሃይድሮጅን ኤች እያልን የምንሸመድደውን ታውቁታላችሁ አይደል? ንጥረ ነገሮችን እንዲህ በፊደል የመጻፍን ዘዴ ያመጣው በርዜሊየስ የሚባል ሰው ነው። ዛሬ የእሱን ታሪክ ልነግራችሁ ነው።

ዮንስ ያኮብ በርዜሊየስ እ.ኤ.አ. በ1779 በስዊድን አገር ተወለደ። አባቱ የሞተው እሱ ገና የ4 ዓመት ልጅ ሳለ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እናቱም ሞተች። ስለዚህ በእንጀራ አባቱና በአጎቱ ቤት አደገ። ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሕክምና ተማረ፤ ልቡ ግን ኬሚስትሪ ላይ ነበር።

በ1817 ከጓደኛው ከጋን ጋር ሆኖ በአንድ የሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ ውስጥ ከታች የዘቀጠ ቀላ ያለ አተላ አገኙ። ሌላ ሰው ቢሆን አጥቦ ይደፋው ነበር። እነሱ ግን ወስደው ሲያቃጥሉት የሚሰነፍጥ ሽታ ሸተታቸው። ያን ጊዜ እንዲህ የሚሸተው ቴሉሪየም ነው ይባል ነበር። በርዜሊየስም ቴሉሪየም አገኘን ብሎ ለወዳጁ ደብዳቤ ጻፈ።

በኋላ ግን ነገሩ አላስቻለውም። እንደገና ሀ ብሎ መረመረው። ለካ ቴሉሪየም አይደለም! ማንም የማያውቀው አዲስ ንጥረ ነገር ነው። ስለዚህ በ1818 መሳሳቱን ገልጾ አረመ። ቴሉሪየም ስሙን ያገኘው ከመሬት ስለሆነ፣ አዲሱን ደግሞ ጨረቃ ከሚለው የግሪክ ቃል ወስዶ ሴሌኒየም አለው። ሥራው ቀላል አልነበረም። አንድ ቀን ከሴሌኒየም የተሠራ ጋዝ ትንሽ አፍንጫው ገብቶበት ለሰዓታት ምንም ማሽተት አቅቶት ነበር።

በርዜሊየስ በ1848 ስቶክሆልም ከተማ ውስጥ ሞተ። በ1873 ደግሞ ሴሌኒየም ብርሃን ሲያርፍበት ከጨለማው ይልቅ ኤሌክትሪክ በደንብ እንደሚያስተላልፍ ታወቀ። በዚህ ጠባዩ የተነሳ ድሮ በፎቶ ኮፒ ማሽን ውስጥ ይገባ ነበር። መስታወትን ቀይ ለማድረግም ይጠቅማል። ለሰውነታችንም በጣም ትንሽ ያስፈልገናል፤ ከዓሣ፣ ከሥጋና ከእንቁላል እናገኘዋለን። ሲበዛ ግን መርዝ ነው።

እኔ ስሳሳት ሰው እንዳያይብኝ የደብተሬን ገጽ ቀድጄ እጥል ነበር። በርዜሊየስ በመጀመሪያው መልሱ ሙጭጭ ብሎ ቢቀር ኖሮ ሴሌኒየምን አያገኘውም ነበር። ስለዚህ ከእንግዲህ ኤክስ የተደረገብኝን ጥያቄ ደግሜ እሠራዋለሁ እንጂ አልቀደውም። እናንተስ?