ሼርሎክ ሆልምስን የተጫወተው ጀረሚ ብሬት

እኔ «ረ»ን አጥርቼ መናገር ያስቸግረኛል፤ በክፍል ውስጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ ባነበብሁ ቁጥር የሚስቅ አይጠፋም። ስለዚህ የእንግሊዛዊውን ተዋናይ የጀረሚ ብሬትን ታሪክ ሳገኝ ደስ አለኝ።

ብሬት በ1933 እ.ኤ.አ. ተወለደ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ «ረ» አይጠራለትም ነበር። በወጣትነቱ በቀዶ ሕክምና ቢስተካከልለትም፥ የንግግር ልምምዱን በየቀኑ ማድረግን አልተወም። አባቱ ወታደር ነበሩና የቤተሰባቸው ስም በቴያትር ቤት እንዳይጠራ ከለከሉት። (በእኛም አገር ልጁ አዝማሪ እንዳይባልበት የሚፈራ አባት አይታጣም ነበር።) ልጁም በመጀመሪያው ሙሉ ልብሱ ላይ ተሰፍቶ ያገኘውን የልብስ ሰፊዎቹን ስም ወስዶ ብሬት ተባለ። ጀረሚ፥ ብሬት፥ ሼርሎክ፤ ሦስቱም «ረ» አለባቸው!

ከ1984 እስከ 1994 እ.ኤ.አ. ግራናዳ በተባለው የእንግሊዝ ቴሌቪዥን፥ በ41 ፊልሞች መርማሪውን ሼርሎክ ሆልምስን ሆኖ ታየ። አዘጋጆቹ የሆልምስን አመል፥ አበላሉንና አጠጣጡን ሳይቀር በ77 ገጽ መዝግበው ነበር፤ ብሬትም ይህን መዝገብ አጥብቆ ይከተል ነበር። በመጨረሻው ጊዜ የልብ ሕመሙ ስለ ጠናበት፥ የአንዱን ፊልም ዋና ሥራ ቻርልስ ግሬይ የሆልምስ ወንድም ሆኖ ሠራለት። ብሬት በ1995 እ.ኤ.አ. ሞተ፤ ዕለቱም በእኛ አቈጣጠር መስከረም 1 ቀን 1988 ዓ.ም.፥ እንቍጣጣሽ ነበር።