ተሰማ እሸቴ በቀንዱ ፊት ብቻቸውን

በገለምሶ ሠርግ ላይ ያየነው አዝማሪ ብቻውን መጥቶ አያውቅም፤ እሱ መሲንቆውን ይመታል፣ እሷ ዜማውን ታነሣለች። እሷ ባትኖር እንኳ ከታዳሚው መካከል ግጥም የሚሰጠው አይጠፋም። ስለዚህ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴን ድምፅ በመኝታ ቤታችን ባዳመጥን ጊዜ መጀመሪያ የገረመን ብቸኝነቱ ነው።

ተሰማ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1876 በምንጃር ተወለዱ። የአዝማሪ ዘር አልነበሩም፤ መሲንቆውን የያዙት በፍቅር እንጂ በትውልድ ግዴታ አይደለም። በ1908 አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ ለዳግማዊ ምኒልክ አውቶሞቢል አምጥቶ ነበርና፣ ተሰማ መንዳትና መጠገን እንዲማሩ ወደ ጀርመን ተላኩ። ባቡሩ ያን ጊዜ የሚያበቃው ድሬዳዋ ላይ ነው። ከሸዋ ወደ ባሕር የሚወርድ መንገደኛ አዋሽን ተሻግሮ፣ ወይ በእኛ በጨርጨር ደጋ፣ ወይ በቆላው በረሃ በበቅሎ መጓዝ ግድ ይሆንበት ነበር።

ሞተር ሊማሩ የሄዱት ሰው በበርሊን ድምፃቸውን ሸክላ ላይ አስቀረጹ። ከኢትዮጵያ ዘፈን የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች እነዚህ ናቸው። የኤሌክትሪክ ማይክሮፎን ገና አልተሠራበትም፤ ዘፋኙ በትልቅ ቀንድ ፊት ቆሞ ይዘፍናል፣ የድምፁ ንዝረት መርፌውን ያንቀጠቅጣል፣ መርፌውም ሰሙን ይቀርጻል። ከተሳሳተ ሰሙ ተለውጦ እንደገና ነው። የሸክላው አንድ ገጽ ደግሞ ከሦስት ደቂቃ ብዙም አያልፍም፤ አምሽቶ የሚዘፍን ሰው በሦስት ደቂቃ ይቁም! ግጥም የሚሰጥ የለም፤ የሚስቅ የለም፤ ቀንዱም አይሸልም። ሰጪውም ተቀባዩም ራሳቸው ሆኑ። ሸክላው ያንቋርራል፤ ይሁን እንጂ ድምፃቸው የተቸኮለ አይደለም፤ እኛ ይህን ከሁሉ እናስበልጣለን።

የቀረውን በአጭሩ እንለፈው። ተሰማ የልጅ ኢያሱ ባለሟል ነበሩ። ኢያሱ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ከሐረር ወደ አዲስ አበባ ያዘመቱት ጦር የተመለሰው ከእኛው ሚኤሶ ነው። የተሰማም ኑሮ ወደ ጅማ ዞረ፤ በኋላ በ1972 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የሆኑት ልጃቸው ይድነቃቸው በ1921 የተወለዱት እዚያ ነው (እነዚህም በአውሮፓ አቆጣጠር)። ተሰማ በ1964 ዐረፉ።

ከእኛ መካከል ድምፁ ያማረ አንድ የአገራችን ልጅ አለ። አባቱ፣ ልጄ አዝማሪ ተባለ ብለው፣ ባለፈው ክረምት ክራሩን ወስደውበታል። በዚያ ምሽት አንገቱን ደፍቶ ሲያዳምጥ ቆየና፣ በእርግጥ የአዝማሪ ዘር አልነበሩም? ሲል ጠየቀን። አዎን አልነው። አሁንም ከመጀመሪያው አስጀምሩት አለን።