ፒየር ሴሬዞል፤ አካፋ ያነሣው መሐንዲስ

የመሐንዲሶች ስም ብዙውን ጊዜ የሚታወሰው ባቆሙት ድልድይ፣ በገደቡት ወንዝ ወይም በፈለሰፉት መሣሪያ ነው። የስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ የፒየር ሴሬዞል ስም ግን የተያያዘው ከተራ አካፋና ዶማ ጋር ነው። ተማሪውንና ሠራተኛውን፣ የጦር መኰንኑንና ጦርነትን የሚቃወመውን፣ ትናንት በጦር ሜዳ የተፋጁትን ሕዝቦች ልጆች ጭምር አሰልፎ፣ ጉዳት ለደረሰበት መንደር ያለ ደመወዝ እንዲሠሩ አድርጓል። ከዚህም የተነሣ፣ በጎ ፈቃደኞች ከልዩ ልዩ አገር ተሰባስበው ለአንድ አካባቢ ሕዝብ የሚደክሙበት የሥራ ሰፈር መሥራች ሆኖ ይቈጠራል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ሴሬዞል ኦገስት 17 ቀን 1879 በሎዛን ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ በአገሩ ስመ ጥር ነበር። አባቱ ፖል ሴሬዞል የሕግ ባለሙያና ከፍተኛ የጦር መኰንን ከመሆኑም በላይ በ1873 የስዊዘርላንድ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ ሠርቷል። ከወንድሞቹ አንዱ ኤርነስት በጦር ሠራዊቱ እስከ ኮሎኔልነት ደርሷል። እንዲህ ካለ ቤት ለወጣ ልጅ የሹመትና የማዕረግ መንገድ የተጠረገ ነበር። ፒየር ግን ምሕንድስናን መርጦ ዙሪክ ፖሊቴክኒክ ገባ፤ በኋላም በጀርመን አገር ጥናቱን ቀጠለ።

በትምህርቱ ብርቱ ስለ ነበረ የመምህርነትና የምርምር ሕይወት ሊጠብቀው ይችል ነበር። ይሁንና ሠላሳ ዓመት ገደማ ሲሆነው ያንን ሁሉ ትቶ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ሃዋይ ደሴቶችና ወደ ጃፓን ተጓዘ። በሄደበት ሁሉ እየሠራ ይተዳደር ነበር፤ በጃፓን በመሐንዲስነት አገልግሏል። ወደ አገሩ የተመለሰው በ1914፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፈነዳበት ዓመት ነው። በዚያው ጊዜ ከቤተሰቡ በውርስ የደረሰውን ገንዘብ ለስዊዘርላንድ መንግሥት አስረከበ። ያልደከመበትን ሀብት ይዞ መኖር ከኅሊናው ጋር አልስማማ ብሎት ነበር።

ስዊዘርላንድ በጦርነቱ ገለልተኛ ብትሆንም ወንዶች ዜጎቿ የውትድርና ግዴታ ነበረባቸው። ለውትድርና ብቁ አይደለም የተባለ ሰው በምትኩ ልዩ ግብር ይከፍላል። ሴሬዞልም ከእነዚህ አንዱ ነበር። በ1915 አንድ የትምህርት ቤት መምህር ስለ እምነቱ መሣሪያ አልይዝም በማለቱ ሲታሠር፣ ጉዳዩ ሴሬዞልን ዕረፍት ነሣው። መምህሩ ወኅኒ ወርዶ ሳለ እርሱ ገንዘብ እየከፈለ በሰላም መኖሩ አሳፈረው። ስለዚህ ግብሩን አልከፍልም አለ፤ ተከሰሰ፤ ታሠረም። እስራቱ አጭር ቢሆንም የቀድሞው ፕሬዚዳንት ልጅ በፍርድ ቤት ቆሞ የአገሩን ሕግ አልፈጽምም ማለቱ ለቤተሰቡም ለአገሩም ቀላል ነገር አልነበረም።

ከዚህ በኋላ የሴሬዞልን ሕይወት የሚመራው አንድ ጥያቄ ሆነ። መሣሪያ አልይዝም የሚል ወጣት እምቢታውን ብቻ ይዞ ቢቀመጥ፣ ወራቱንና ሕይወቱን ከሚሰጠው ወታደር ፊት ምን ብሎ ይቆማል? ወታደሩ ቢሳሳት እንኳ ራሱን ሰጥቷል። የሰላም ወዳጅ ነኝ የሚለውም እንደ ወታደሩ ቤቱን ትቶ፣ ለሥርዓት ታዝዞ፣ ጉልበቱን ካልሰጠ ንግግሩ ሚዛን አይደፋም። ሴሬዞል መሐንዲስ እንደ መሆኑ መጠን መልሱን የፈለገው በሥራ ነው።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በ1919 ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ጦርነትን የሚቃወሙ ክርስቲያኖች በሆላንድ አገር በቢልቶቨን ተሰበሰቡ፤ በ1920ም በዚያው ስፍራ እንደገና ተገናኙ። በዚህ በሁለተኛው ጉባኤ አንድ ጀርመናዊ፣ ወንድሙ በወታደርነት በፈረንሳይ ምድር ካደረሰው ጥፋት አንዳች ነገር በገዛ እጁ ሊጠግን እንደሚፈልግ ገለጸ። ሴሬዞል ይህን አሳብ አልለቀቀውም። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ፣ በ1916 ታላቁ ውጊያ ከተካሄደበት ከቬርደን አጠገብ፣ ኤን ወደምትባል የፈረሰች መንደር ጥቂት ሰዎች አስከትሎ ሄደ። ከእነርሱም መካከል እንግሊዛዊ፣ ስዊዘርላንዳዊና ጀርመናዊ ነበሩበት።

በኤን ቆሞ የቀረ ቤት ማግኘት አዳጋች ነበር። እርሻው በመድፍ ጥይት ተቈፋፍሮ፣ በእሾሃማ ሽቦ ተተብትቦ ነበር። በጎ ፈቃደኞቹ በክረምቱ ብርድ ጊዜያዊ የእንጨት ቤቶችን ሠሩ፤ የጥይቱን ጉድጓድ እየደፈኑ መሬቱን ለማረሻ አዘጋጁ፤ መንገድም ጠገኑ። ልጆቹን በጦርነት ያጣ ገበሬ የጀርመናዊን እጅ በገዛ እርሻው ላይ አካፋ ይዞ ማየቱ እንዴት ያለ ነገር እንደ ሆነ መገመት አያስቸግርም። የተነገረ ስብከት አልነበረም፤ የተሠራው ቤት ብቻ ይታይ ነበር።

ይሁን እንጂ ሥራው ብዙ አልቈየም። ቂሙ ገና ትኩስ ነበርና የጀርመናውያኑ መኖር በአካባቢው ባለሥልጣናት ዘንድ ተቀባይነት አጣ። በ1921 ጸደይ ቡድኑ ሥራውን አቋርጦ መንደሪቱን ለቅቆ ሄደ። በውጭ ሲታይ ነገሩ ከሽፏል። ሴሬዞል ግን ከዚያ ወራት አንድ የተፈተነ ነገር ይዞ ወጣ። ይኸውም፣ አብረው በአንድ ገበታ መብላት ይከብዳቸዋል የተባሉ ሰዎች፣ በሚፈለግ ሥራ ላይ ከተሰማሩ አብረው መኖር እንደሚችሉ ነው።

በአገሩም ጉዳዩን በሕግ ለማስያዝ ሞከረ። በ1923 በውትድርና ምትክ የሲቪል አገልግሎት እንዲፈቀድ ወደ 40,000 የሚሆኑ ሰዎች የፈረሙበት አቤቱታ ለምክር ቤቱ ቀረበ፤ ተቀባይነት አላገኘም። ሴሬዞል ሕጉን ቁጭ ብሎ አልጠበቀም። በ1924 በቮ ክፍለ ሀገር ቬር ሌግሊዝ በምትባል የተራራ መንደር የበረዶ ናዳ ያደረሰውን ጉዳት ለመጥረግ በጎ ፈቃደኞችን አሰለፈ። የሚያስገርመው ሥራውን የመራው ወንድሙ ኮሎኔል ኤርነስት መሆኑ ነው። ኮሎኔሉ የወንድሙን እምቢታ ባይጋራም፣ ሰዎችን ማሰለፍ፣ ስንቅና መሣሪያ ማዘጋጀት፣ በሰዓት መነሣትና በሰዓት መሥራት ያውቅ ነበር። ሁለቱ ወንድማማቾች በአሳብ ሳይስማሙ በሥራ ተስማሙ።

ከሁሉ የሚበልጠው ሰፈር የተከፈተው በ1928 በሊክተንስታይን ነው። በሴፕቴምበር 1927 የራይን ወንዝ ሻን በተባለው ስፍራ ግድቡን ጥሶ የዚያችን ትንሽ አገር እርሻ በጠጠርና በአሸዋ ሸፍኖት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ከ700 የሚበልጡ ፈቃደኞች ከ20 በላይ ከሆኑ አገሮች እየተፈራረቁ መጡ። ጠጠሩን በአካፋ እየጫኑ በሐዲድ ላይ በሚገፋ ጋሪ አጋዙት፤ መሬቱንም ለባለቤቶቹ መለሱ። ሴቶች ፈቃደኞችም ነበሩ፤ በዘመኑ ልማድ አብዛኞቹ የተመደቡት በወጥ ቤትና በልብስ አጠባ ነው፤ ያለ እነርሱም ሰፈሩ አንድ ሳምንት እንኳ አይቆምም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ባለሙያ ሊያነሣው የሚገባ ጥያቄ አለ። ለሰባት መቶ ሰው የባቡር ማጓጓዣና ቀለብ የሚወጣው ገንዘብ ለመንደሩ ቢላክ፣ ልምድ ያላቸው የቀን ሠራተኞች ከተማሪውና ከጸሐፊው ይልቅ ብዙ ሜትር ኩብ ጠጠር ባነሡ ነበር። ስሌቱ ትክክል ነው። ነገር ግን ሴሬዞል የሚለካው የተነሣውን ጠጠር ብቻ አልነበረም። በደቦ የሚሠራ ገበሬ ዛሬ ለጎረቤቱ ቢያጭድ ነገ ጎረቤቱ ያጭድለታል። ሊክተንስታይን ሄዶ ለሳምንታት የቈፈረ ሰው ግን ብድሩን የሚመልስለት የለም። ቢሆንም ባዶ እጁን አልተመለሰም። መዳፉ ቈስሎ ከደደረ በኋላ የቀን ሠራተኛን ድካም በገዛ ሰውነቱ ዐወቀ። የማያውቀውን ቋንቋ ከሚናገር ሰው ጋር አንድ ጋሪ ሲገፋ ስለዚያ ሕዝብ የሰማው ክፉ ወሬ ረገበ። መንደርተኛውም ጉዳቱ የእርሱ ብቻ እንዳልሆነ አየ። እንዲህ ያለው ትርፍ በገንዘብ ተልኮ አይደርስም።

ይህ ትርፍ የሚገኘው ግን ሥራው እውነተኛ ሲሆን እንደ ሆነ ሴሬዞል አጥብቆ ያምን ነበር። በእርሱ ሰፈሮች ሥርዓቱ የታወቀ ነው። ሥራው ለሕዝቡ በእርግጥ የሚያስፈልግ፣ መንደሩም በራሱ ዐቅም ሊፈጽመው የማይችል መሆን አለበት። ፈቃደኛው የሌላውን ሠራተኛ እንጀራ መንጠቅ የለበትም። ከምግብና ከመኝታ በቀር ክፍያ የለም፤ ስለ ሃይማኖት ወይም ስለ ፖለቲካ ለመስበክም ሰፈሩ መድረክ አይሆንም።

የእንጀራው ጉዳይ በ1931 በዌልስ፣ ብሪንማወር በተባለች የከሰል ማዕድን ከተማ ተፈተነ። በዚያ የሥራ አጡ ቁጥር እጅግ ብዙ ነበር። ጎርፍ ወይም ናዳ ሳይሆን የሥራ መጥፋት ያደቀቃት ከተማ ናት። ሥራ ለጠፋበት ሕዝብ በነፃ ልሥራ ብሎ መምጣት ቅሬታን የሚያስነሣ ነገር ነው። የተመረጠው ሥራ ደመወዝ ከፍሎ የሚያሠራው ያልነበረው ነው፤ የቈሻሻ ክምር የነበረውን መሬት ወደ መናፈሻና ወደ መዋኛ ስፍራ መለወጥ። ከውጭ የመጡት ተማሪዎች ሥራ ካጡት የከተማይቱ ሰዎች ጋር ሆነው ቈፈሩ። የማዕድኑ ሠራተኛ ስለ ቁፋሮ ከተማሪው የበለጠ ያውቅ ነበርና፣ ከዓመታት ሥራ አጥነት በኋላ እንደገና የሚያስተምርና የሚፈለግ ሰው ሆነ። መዋኛው የሥራ ማጣትን መድኃኒት አልሆነም፤ ነገር ግን ለልጆቻቸው ቀረ።

ጃንዋሪ 15 ቀን 1934 በሰሜን ሕንድ በቢሃር ክፍለ ሀገር ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። በዚህ ጊዜ ሴሬዞል ዕድሜው ከ50 አልፎ፣ ላ ሾ ደ ፎን በተባለችው የስዊዘርላንድ ከተማ በመምህርነት ይተዳደር ነበር። ወደ ሕንድ ሄደ፤ ከማሕትማ ጋንዲም ተገናኘ፤ የርዳታውን ሥራ ይመራ ከነበረውና በኋላ የሕንድ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ከሆነው ከራጄንድራ ፕራሳድ ጋር ተማከረ። መንቀጥቀጡ የመሬቱን አቀማመጥ ስለ ለዋወጠው ብዙ መንደሮች በየዓመቱ ለጎርፍ የተጋለጡ ሆነዋል። እስከ 1937 ድረስ ከአውሮፓ ከመጡ ጥቂት ባልደረቦቹ ጋር እየተመላለሰ፣ መንደሮቹ ጎርፍ ወደማይደርስበት ስፍራ እንዲዛወሩ ከገበሬዎቹ ጋር ሠራ። ከተሠሩት አንዷ ሻንቲፑር ተባለች፤ የሰላም መንደር ማለት ነው። በዚህ ሥራ አውሮፓዊው እንደ ገዢ ሳይሆን እንደ ሠራተኛ በሕንድ መንደር ታየ።

በ1936 ሴሬዞል ኩዌከር ከሚባሉት ክርስቲያኖች ማኅበር ገባ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ሰፈሮቹ ያስተሳሰሯቸው ወጣቶች እንደገና በየጦር ግንባሩ ተሰለፉ። ሽማግሌው መሐንዲስ ያለ ፈቃድ የጀርመንን ድንበር ተሻግሮ የሰላም ቃል ለማድረስ ሞከረ፤ መልሰው ሰደዱት፤ በአገሩም ታሠረ። ጦርነቱ ካበቃ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ኦክቶበር 23 ቀን 1945፣ በሎዛን አጠገብ አረፈ።

ሴሬዞል ጦርነትን አላስቀረም፤ በሕይወቱ ሳለም የአገሩን ሕግ አላስለወጠም። የስዊዘርላንድ ሕዝብ የሲቪል አገልግሎትን በድምፁ ያጸደቀው በ1992 ሲሆን ሕጉ በሥራ ላይ የዋለው በ1996 ነው። ከአቤቱታው 70 ዓመት ያህል አልፎ ነበር። እርሱ የመሠረተው ዓለም አቀፍ የሲቪል አገልግሎት የተባለው ማኅበር ግን እስከ ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች ፈቃደኞችን ያሰማራል። ኤን ላይ የተሠሩት የእንጨት ቤቶች ለጊዜው የታሰቡ ነበሩ። ከእነርሱ ይልቅ ጸንቶ የቀረው፣ ቤቱን የሠራው ጀርመናዊና ቤቱን የተቀበለው ፈረንሳዊ በአንድ የክረምት ወራት እርስ በርሳቸው ያዩት ነገር ነው። የምሕንድስና ስሌት ይህን አይመዘግበውም፤ ሴሬዞል ግን የሥራው መሠረት ያደረገው እርሱን ነው።