ራግቢም ቴኒስም የተጫወተው ጠበቃ

ዛሬ የጄምስ ሴሲል ፓርክን የሕይወት ታሪክ ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። ይህን ሰው የመረጥኩት እኛ ክፍል ውስጥ ኳስ የሚወድ ልጅ ትምህርት አይሆንለትም እየተባለ ብዙ ክርክር ስላለ ነው።

ፓርክ በ1881 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ነው) አየርላንድ ውስጥ ክሎንስ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ደብሊን ሄዶ ትሪኒቲ ኮሌጅ ሕግ ተማረና ጠበቃ ሆነ። ግን ጨዋታውንም አልተወም። ራግቢ የእንቁላል ቅርጽ ያላት ኳስ በእጅ ተይዛ የሚሮጥበት ጨዋታ ነው። ፓርክ ከ1903 እስከ 1909 ለአየርላንድ ብሔራዊ ቡድን 20 ጊዜ ተሰለፈ፤ አምበልም ሆኗል።

ከዚያ ደግሞ ሜዳ ቴኒስ አለ። በ1908 የለንደን ኦሊምፒክ በጥንድ ተጫውቶ የብር ሜዳሊያ አገኘ። ያን ጊዜ አየርላንድ በብሪታንያ ሥር ስለነበረች የተወዳደረው በብሪታንያ ስም ነው። በ1912 ለዴቪስ ዋንጫ በመርከብ እስከ አውስትራሊያ ተጓዘ። እዚያ ኖርማን ብሩክስ የሚባል የታወቀ ተጫዋች ነበር። ፓርክ ብሩክስን በገዛ ከተማው በሜልበርን አሸነፈው! ቡድኑም 3 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በዚያው ጉዞ የአውስትራሌዢያን ሻምፒዮና በነጠላም በጥንድም በላ።

በ1914 በዊምብልደን በወንድና ሴት ጥንድ አሸነፈ። ከሳምንታት በኋላ ግን አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሳ። ፓርክ ዘመተ፤ ጋሊፖሊ ላይም ቆሰለ። ብዙ ስፖርተኞች ከዚያ ጦርነት አልተመለሱም። ከነሱም አንዱ የዊምብልደን ሻምፒዮን የነበረው አንቶኒ ዊልዲንግ ነው፤ በ1915 ሞተ።

እኔን በጣም የገረመኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ፓርክ በ1920 እንደገና ዊምብልደን ገባ። ዕድሜው 38 ነበር፣ ቆስሎም የዳነ ሰው ነው። እንዲህም ሆኖ የአሜሪካውን ሻምፒዮን ቢል ጆንስተንን አሸነፈው። ፓርክ በ1946 ዌልስ ውስጥ አረፈ።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ጥብቅናም ራግቢም ቴኒስም በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ተገኝተዋል። ስለዚህ ማታ ደብተራችንን ከሠራን ጠዋት ኳስ ብንጫወት ምን አለበት እላለሁ። መምህራኖቻችንም ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።