ሳሙኤል ፕሊምሶልና የመርከቡ መስመር

ወደ ጅቡቲ ወርዶ በወደቡ የቆሙትን የጭነት መርከቦች ከቅርብ የተመለከተ ሰው፥ በእያንዳንዱ መርከብ ጎን ከወገቡ ላይ አንድ ክብ ምልክት ተስሎ ያያል። ክቡ 300 ሚሊሜትር ስፋት አለው። በመካከሉ አግድም መስመር አልፎበታል፤ በአጠገቡም እንደ መሰላል ደረጃ የተደረደሩ አጫጭር መስመሮች አሉ። መርከቡ ስንዴ ይጫን፥ ሲሚንቶ ይጫን፥ ውሃው ከዚያ መስመር በላይ እንዲወጣ ተደርጎ ሊጫን አይፈቀድም። በ1964 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ አክሲዮን ማኅበር መርከቦችም ይህንኑ ምልክት በጎናቸው ይዘው ባሕር ሲያቋርጡ ኖረዋል።

እንግሊዞች ይህን ምልክት የሚጠሩት በአንድ ሰው ስም ነው። ሰውየው መርከበኛ አልነበረም፤ መርከብም ሠርቶ አያውቅም። በመጀመሪያ የቢራ ፋብሪካ ጸሐፊ፥ ቀጥሎ የከሰረ የከሰል ነጋዴ፥ በመጨረሻም የሕዝብ እንደራሴ የነበረው ሳሙኤል ፕሊምሶል ነው። የዚህን ሰው ታሪክ ዛሬ ለአንባብያን ለማቅረብ አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ እናስታውቃለን።

ፕሊምሶል በየካቲት ወር 1824 ብሪስቶል በምትባለው የወደብ ከተማ ተወለደ። ያደገው ግን ፔንሪዝና ሼፊልድ በተባሉት፥ ከባሕር ራቅ ባሉ ከተሞች ነው። በሼፊልድ በአንድ የቢራ ፋብሪካ በጸሐፊነት ተቀጥሮ፥ በትጋቱ እየታወቀ እስከ ሥራ አስኪያጅነት ደረሰ። በ1851 በሎንዶን ታላቁ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን በተደረገ ጊዜ የሼፊልድን ክፍል በጸሐፊነት የመራው እሱ ነበር። ከዚያም ሀብት የሚገኘው በሎንዶን ነው ብሎ በ1853 ወደ ዋና ከተማው ሄደና የከሰል ንግድ ጀመረ። ሁለት ዓመት ሳይቆይ ከሰረ።

የፕሊምሶል እውነተኛ ትምህርት ቤት ይህ ኪሳራ ነው ብንል የምንሳሳት አይመስለንም። በከሰረበት ጊዜ በሎንዶን ድሆች በሚያድሩባቸው ርካሽ ማደሪያዎች እየተከራየ፥ በሳምንት ከስምንት ሺሊንግ ባነሰ ገንዘብ ይኖር ነበር። በዚያም ሥራ ፈላጊውን፥ የቀን ሠራተኛውንና የዕለት እንጀራውን በላቡ የሚያገኘውን ሰው ሁሉ ጎረቤት ሆኖ አወቀ። ድሃ ለድሃ ያለውን እንዴት እንደሚያካፍል፥ አንዱ ሥራ ሲያጣ ሌላው ከጉርሻው እንዴት እንደሚቀንስለት በዓይኑ አየ። ከብዙ ዓመታት በኋላ መጽሐፍ ሲጽፍም የእነዚያን ሰዎች ደግነት መመስከሩን አልረሳም። ብዙ ሰው ከችግር ከወጣ በኋላ የችግሩን ሰፈር መንገድ ይረሳል፤ ፕሊምሶል ግን አልረሳም።

በኋላ ሥራው ተቃናለት። ከሰል ከባቡር ወደ መጋዘን ሲወርድ እየተሰባበረ ዋጋው እንዳይቀንስ የሚያደርግ የማራገፊያ ዘዴ ፈልስፎ፥ በሎንዶን በኪንግስ ክሮስ የባቡር ጣቢያ አጠገብ ሠራበትና ሀብታም ሆነ። ኤሊዛ ሬይልተን የምትባል ሴት አገባ፤ እርስዋም በዘመቻው ሁሉ ረዳቱ ሆነች። በ1868 የደርቢ ከተማ ሕዝብ በሊበራል ፓርቲ በኩል የፓርላማ እንደራሴ አድርጎ መረጠው። ደርቢ ወደብ የሌላት፥ በእንግሊዝ መካከል የምትገኝ ከተማ ናት። የመረጡት ሰዎች ስለ መርከብ እንዲከራከርላቸው አልላኩትም ማለት ነው።

ታዲያ መርከቡን ከየት አመጣው? እሱ ራሱ በመጽሐፉ እንደ ተረከው፥ አንድ ጊዜ ከሎንዶን ተነሥቶ ሬድካር ወደምትባል የባሕር ዳር ከተማ በመርከብ ሲጓዝ ከባድ ማዕበል ያዘው። በደኅና ደረሰ፤ ሚስቱም በጭንቀት ስትጠብቀው ቆይታ ነበር። በዚያው ማዕበል ሌሎች መርከቦች ከነሰዎቻቸው ሰጥመው ነበርና፥ ባሎቻቸውን ሲጠብቁ ያልመጡላቸው ሴቶች ነገር ከልቡ ገባ። ከዚያ በኋላ በኒውካስል አካባቢ ነዋሪ የነበረው ጄምስ ሆል የሚባል ባለመርከብ፥ መርከብ ሁሉ የጭነት ወሰን ይኑረው፥ አሮጌ መርከብም ይመርመር እያለ ሲወተውት አገኘው። አሳቡ አስቀድሞ የሆል መሆኑን መናገር ይገባናል። ስሙን የወሰደው ግን በፓርላማ የጮኸው ነው።

የነገሩ ሥር ይህ ነበር። ባለመርከቡ መርከቡንና ጭነቱን በኢንሹራንስ ያስገባል። መርከቡ ቢሰጥም ኢንሹራንሱ ይከፍለዋል፤ አንዳንድ ጊዜም መርከቡ ከሚያወጣው ዋጋ በላይ ይከፍለዋል። ስለዚህ ያረጀ መርከብ በቀለም አሳምሮ፥ ስሙን ለውጦ፥ እስከ አፉ ጭኖ ቢልከው፥ ቢደርስ ትርፍ ነው፤ ባይደርስም ኪሳራ አይደለም። የሚሞቱት መርከበኞች ናቸው። በአገራችን አጋሰስ የሚጭን ሰው ጭነቱን ከማጥበቁ በፊት የከብቱን ጀርባ ይመለከታል፤ ከብቱ መንገድ ላይ ቢወድቅበት ጉዳቱ የራሱ ነውና። በእንግሊዝ ባሕር ላይ ግን ከብቱ ቢወድቅ ጫኙ የሚካስበት ሥርዓት ተፈጥሮ ነበር። ሕዝቡ እንዲህ ያሉትን መርከቦች የሬሳ ሣጥን ይላቸው ነበር። ከዚህም የሚብሰው፥ መርከበኛው አንድ ጊዜ ውል ከፈረመ በኋላ መርከቡን አይቶ አልሳፈርም ቢል ሕጉ ወደ ወኅኒ ይልከው ነበር።

ፕሊምሶል ከ1870 ጀምሮ ጉዳዩን ለፓርላማ ማቅረብ ጀመረ፤ የሰማው ግን ጥቂት ነበር። በእንደራሴዎቹ መካከል ባለመርከቦች ራሳቸው ተቀምጠዋልና። በ1873 መጀመሪያ ስለ መርከበኞቹ ሁኔታ የሚገልጸውን መጽሐፉን አሳተመ። መጽሐፉ በጥድፊያ የተጻፈ፥ አንዳንድ ቦታም በወሬ ላይ የተመሠረተ ነበር። ነገር ግን ሥዕልና ማስረጃ ሞልቶበታል። ከሁሉ የሚያስደነግጠው ስለ ሐሰተኛ ቡሎኖች የጻፈው ነው። አንዳንድ መርከብ ሠሪዎች እንጨቱን ከእንጨት ጋር የሚያጣብቀውን ረጅም ቡሎን በመተው፥ ራሱን ብቻ ከላይ ይመቱና መርከቡ የተጣበቀ ያስመስሉ ነበር። በሠራተኞቹም ዘንድ እንዲህ ያለው ቡሎን ሰይጣን ይባል ነበር። አገሩ በመጽሐፉ ታወከ። ባለመርከቦቹም ስማችንን አጠፋ ብለው ከሰሱት፤ ለጠበቃና ለፍርድ ቤት ብዙ ገንዘብ አወጣ።

መንግሥት በ1873 በሶመርሴት መስፍን ሰብሳቢነት አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። ኮሚሽኑ በብዙ ነገር ፕሊምሶልን ቢደግፍም ለመርከብ ሁሉ በሕግ የጭነት መስመር ማውጣትን ተቃወመ። ለተቃዋሚዎቹም ሐቃቸውን እንስጣቸው። አንዱ መርከብ ከሌላው በቅርጹ ይለያል፤ ስለዚህ መስመሩ የት እንደሚሰመር በቀላሉ አይታወቅም። ኀላፊነቱን መንግሥት ከወሰደም ባለመርከቡ ቸል ይላል። የውጭ አገር መርከብ ያለ ወሰን እየጫነ ንግዱን ይወስድብናል ይሉም ነበር። የፊተኛው ክርክር እውነትነት አለው፤ መስመሩን ለእያንዳንዱ ዓይነት መርከብ አስልቶ ለማውጣት ብዙ ዓመት ፈጅቷልና። ሆኖም መለኪያው አስቸጋሪ ነው ብሎ ያለ መለኪያ መተው ሌላ ነገር ነው። በ1874 የፕሊምሶል ሕግ ለድምፅ ቀረበ፤ 170 ደገፉ፥ 173 ተቃወሙ። በሦስት ድምፅ ወደቀ።

በሚቀጥለው ዓመት የዲዝራኤሊ መንግሥት ራሱ የመርከብ ሕግ ረቂቅ አቀረበና ተስፋ ታየ። በዚያው ጊዜ በምክር ቤቱ ሌላ ረቂቅ ነበር፤ ይኸውም መሬት ተከራይቶ የሚያርስ ገበሬ መሬቱን ሲለቅ ላሻሻለው ነገር ካሣ እንዲያገኝ የሚያደርግ የእርሻ ሕግ ነው። ጊዜ ስላጠረ ዲዝራኤሊ ከሁለቱ አንዱን መተው ነበረበት። ሐምሌ 22 ቀን 1875 የእርሻው ሕግ እንዲያልፍ የመርከቡ እንዲቀር መወሰኑን ለምክር ቤቱ አስታወቀ። የእርሻው ሕግ ክፉ አልነበረም። ዳሩ ግን ባለመሬቱና ተከራዩ በውል ከሕጉ ውጭ ለመሆን ይችሉ ስለ ነበር ኀይሉ የላላ ሕግ ነው። ለዚህ ሲባል ነበር መርከበኞቹ አንድ ክረምት በዚያው ዕድላቸው እንዲያልፉ የተፈረደባቸው፤ በሰሜን ባሕር ክረምት ደግሞ ብዙ መርከብ የሚጠፋበት ወራት ነው።

ፕሊምሶል ይህን ሲሰማ ራሱን መግዛት አቃተው። ከመቀመጫው ተነሥቶ በምክር ቤቱ ወለል መካከል ቆመ፤ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ፊት ጭብጡን ነቀነቀ። መርከቦቻቸው ስለ ሰጠሙባቸው ስለ አንድ እንደራሴ ስም ጠርቶ እንደሚጠይቅ አስታወቀ፤ ሰዎችን ለሞት የሚልኩትንም በምክር ቤት በማይነገር ስድብ ሰደባቸው። አፈ ጉባኤው ቃሉን እንዲመልስ ቢጠይቀው እምቢ አለ። በመጨረሻ ከአዳራሹ ወጣ። እንግሊዞች የምክር ቤታቸውን ጨዋነት እንደ ታቦት የሚያከብሩ ስለሆነ፥ ብዙዎች ሰውየው አበደ አሉ።

ውጭ ያለው ሕዝብ ግን አላበደም አለ። በየከተማው ስብሰባ ተደረገ፤ ጋዜጦችም ጻፉ። ከሳምንት በኋላ ፕሊምሶል ተመልሶ ስለ አነጋገሩ ይቅርታ ጠየቀ፤ ስለተናገረው ፍሬ ነገር ግን አንዲት ቃል አላነሣም። ጊዜ የለኝም ብሎ የነበረው መንግሥትም ጊዜ አገኘ። በነሐሴ ወር ለአንድ ዓመት የሚጸና ጊዜያዊ ሕግ ወጣ፤ በ1876 ደግሞ ቋሚው ሕግ ታወጀ። መርከብ ሁሉ የጭነት መስመር እንዲኖረው ግዴታ ሆነ።

አብዛኛው ሰው የፕሊምሶል ታሪክ እዚህ ያበቃ ይመስለዋል። እኛ ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ይበልጥ ያስደንቀናል። የ1876 ሕግ መስመር ይሰመር አለ እንጂ የት ይሰመር አላለም። ቦታውን የሚመርጠው ባለመርከቡ ራሱ ነው! አንድ የካርዲፍ መርከብ መሪ በሕጉ ለማላገጥ መስመሩን በጭስ ማውጫው ላይ ቀባው ተብሎ ይተረካል። ሕጉን በግማሽ ያስወጣ ሰው ተሸልሞ፥ ተጨብጭቦለት ቤቱ ሊቀመጥ ይችል ነበር። ፕሊምሶል ግን አሥራ አራት ዓመት ቀጠለ።

በ1880 እንኳ ወንበሩን ለቀቀ። ዊልያም ሃርኮርት የሚባለው የአገር ግዛት ሚኒስትር በኦክስፎርድ ምርጫ ስለ ተሸነፈ፥ ሚኒስትር ሆኖ መርከበኞቹን ከእኔ ይበልጥ ይረዳቸዋል በሚል ተስፋ የደርቢን ወንበር ለእሱ ተወለት። ተስፋው እንዳሰበው አልተፈጸመም፤ ፕሊምሶልም ከዚያ በኋላ ወደ ፓርላማ አልተመለሰም። ይህን ውሳኔውን እንደ ስሕተት የሚቆጥሩበት አሉ፤ እኛም ሳንቆጥርበት አናልፍም። እሱ ግን ያለ ወንበርም መሥራቱን አልተወም። በ1887 አዲስ የተቋቋመው የመርከበኞችና የእሳት ሠራተኞች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1890 ደግሞ ከአሜሪካ አትላንቲክን አቋርጠው ወደ እንግሊዝ ስለሚመጡት የቁም ከብት መርከቦች ሌላ መጽሐፍ አሳተመ። ከብቶቹ በመርከቡ ላይ ታጭቀው በማዕበል የሚደርስባቸውን ስቃይ፥ እንዲህ ባለው ጭነትም በመርከበኞቹ ላይ የሚመጣውን አደጋ ገለጸ።

በእነዚሁ ዓመታት የሎይድስ ሬጂስተር መሐንዲሶች የየመርከቡን ጥልቀትና ቅርጽ አስልተው ሠንጠረዥ አወጡ። ስለዚህ አይቻልም የተባለው መለኪያ ተገኘ። በ1890 በወጣው ሕግ የመስመሩ ቦታ ከባለመርከቡ እጅ ወጥቶ በዚያ ሠንጠረዥ እንዲወሰን ተደረገ። ፕሊምሶል ያን ጊዜ የ66 ዓመት ሰው ነበር።

በክቡ አጠገብ ያሉት አጫጭር መስመሮች ትርጉም እንዲህ ነው። የወንዝ ውሃ ከባሕር ውሃ ስለሚቀል መርከብ በወንዝ ውስጥ ጠለቅ ይላል፤ ወደ ጨው ባሕር ሲወጣ መልሶ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ለጣፋጭ ውሃ ለብቻው ከፍ ያለ መስመር አለው። ለሞቃት ባሕር፥ ለበጋና ለክረምትም እንዲሁ ልዩ ልዩ መስመር ተደርጓል። ከሁሉ ዝቅ ያለው፥ ማለት ትንሽ ብቻ እንዲጫን የሚያስገድደው፥ ለሰሜን አትላንቲክ ክረምት የተወሰነው ነው።

የውጭ አገር መርከብ ንግዱን ይወስዳል ለተባለውም በ1906 እንግሊዝ በወደቦችዋ ለሚገቡ የውጭ መርከቦች ሕጉን አጸናችባቸው። በ1930 መንግሥታት በሎንዶን ተሰብስበው ዓለም አቀፍ ስምምነት ተፈራረሙ፤ በ1966 ደግሞ በአዲስ ስምምነት ተተካ። ፕሊምሶል ይህን አላየም። ሰኔ 3 ቀን 1898 ፎክስተን በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ዐረፈ፤ መቃብሩም በአቅራቢያዋ በቼሪተን ቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን ነው።

እንግሊዞች ከጎማ ሶል ጋር የሚሠራውን የሸራ ጫማም ፕሊምሶል ይሉታል፤ በጫማው ዙሪያ ያለው የጎማ መስመር ምልክቱን ስለሚመስል ነው። በሎንዶን በቴምስ ወንዝ ዳር የቆመው ሐውልቱ ግን የተሠራው በ1929 ነው። ያሠራውም መንግሥት ወይም ፓርላማው ሳይሆን የመርከበኞች ማኅበር ነው።