ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን፡- የቀለም አጥር ያላገዳቸው የኢትዮጵያ አቪዬሽን ባለውለታ

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘውና ቀደም ሲል ደብረ ዘይት ትባል የነበረችው የቢሾፍቱ ከተማ ስሟ ከኢትዮጵያ አየር ኃይል ጋር ተያይዞ ይነሳል። ከተማዋ የአየር ኃይሉ መናኸሪያ ከመሆኗ አስቀድሞ ለአገሪቱ የበረራ ሙያ መሠረት ካኖሩት ባለሙያዎች መካከል ጥቁር አሜሪካዊው ኮሎኔል ጆን ቻርለስ ሮቢንሰን ግንባር ቀደም ናቸው። የሕይወት ታሪካቸው አንድ ባለሙያ በችሎታው መመዘኑ ቀርቶ በቆዳ ቀለሙ ሲመዘን ግለሰቡም ተቋሙም ምን እንደሚያጡ በግልጽ ያሳያል።

ሮቢንሰን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በፍሎሪዳ ግዛት ተወልደው ያደጉት በሚሲሲፒ ግዛት ገልፍፖርት በተባለች ከተማ ነው። በጥቁሮች የትምህርት ማዕከልነቱ በሚታወቀው ተስኪጊ ተቋም የመኪና መካኒክነት ሙያ ተምረዋል። ይሁን እንጂ የዘር መድልዎ ሕጋዊ ሽፋን በነበረው በደቡባዊ አሜሪካ በሙያቸው የሚቀጥራቸው ባለማግኘታቸው ወደ ሰሜን አቅንተው በመጨረሻ በቺካጎ ከተማ ኑሯቸውን መሠረቱ።

በቺካጎም የገጠማቸው ፈተና ቀላል አልነበረም። ከርቲስ ራይት በተባለው የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ለመማር በተደጋጋሚ ያቀረቡት ማመልከቻ በጥቁርነታቸው ምክንያት ውድቅ ተደረገ። ሮቢንሰን ግን በዚያው ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጥረው የሚሰጠውን ትምህርት ከክፍሉ ጥግ ሆነው መከታተል ጀመሩ። ጥረታቸው ፍሬ አፍርቶ ከጓደኛቸው ኮርኔሊየስ ኮፊ ጋር ተቀባይነት አግኝተው እ.ኤ.አ. በ1931 ተመረቁ። ደጁን ዘግቶባቸው የነበረው ትምህርት ቤትም ጥቁር ተማሪዎችን እንዲያስተምሩ መልሶ ቀጥሯቸዋል።

ጥቁር አብራሪዎች በነጮች የአውሮፕላን ማረፊያዎች እንዳይገለገሉ ይከለከሉ ስለነበር ሁለቱ ባለሙያዎች ከባልንጀሮቻቸው ጋር ማኅበር አቋቁመው በኢሊኖይ ግዛት ጥቁሮች በሚኖሩባት ሮቢንስ ከተማ የራሳቸውን ማረፊያ ሠሩ። ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1934 ወደ ተስኪጊ በመብረር ተቋሙ የበረራ ትምህርት እንዲከፍት አሳስበዋል። ሐሳቡ ወዲያውኑ ተግባራዊ ባይሆንም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዝናን ያተረፉት ጥቁር የጦር አብራሪዎች የሠለጠኑት እ.ኤ.አ. ከ1941 ጀምሮ በዚያው በተስኪጊ ነው።

የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ በኢትዮጵያ ላይ ባንዣበበበት ወቅት በአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ይከታተሉ በነበሩት በዶክተር መላኩ በያን አማካይነት ጥሪ የደረሳቸው ሮቢንሰን በ1927 ዓ.ም አዲስ አበባ ገቡ። ብዙም ሳይቆዩ የኮሎኔልነት ማዕረግ ተሰጥቷቸው የአየር ኃይሉ አዛዥ ሆኑ። በአገራቸው በረዳትነት እንኳ ሊመደቡበት የማይችሉበትን ኃላፊነት ኢትዮጵያ ውስጥ በብቃታቸው ተረከቡ።

የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች ጥቂትና አብዛኞቹም የጦር መሣሪያ የሌላቸው ስለነበሩ የኮሎኔሉ ተግባር መልዕክት፣ መድኃኒትና ሰዎችን ወደ ግንባር ማመላለስ ነበር። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም የጠላት አውሮፕላኖች አድዋን ሲደበድቡ በስፍራው ነበሩ። በ1928 ዓ.ም ወደ አገራቸው ሲመለሱ በቺካጎ ከፍተኛ ሕዝባዊ አቀባበል ተደርጎላቸዋል።

ከነፃነት በኋላ በ1936 ዓ.ም ከጥቂት ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎች ጋር ዳግም ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ወጣት ኢትዮጵያውያንን በበረራና በጥገና ሙያ ማሠልጠን ጀመሩ። ከሁለት ዓመታት በኋላ ግን የአየር ኃይሉ አመራር በካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮሰን ለሚመራው የስዊድን ቡድን ተሰጠ። ስዊድናውያኑ ኃይሉን በቢሾፍቱ በዘመናዊ መልክ በማደራጀት ከፍተኛ ድርሻ ማበርከታቸው የሚካድ አይደለም። ይሁንና በሁለቱ ሰዎች መካከል የተፈጠረው ግጭት ኮሎኔል ሮቢንሰን ከአየር ኃይሉ አገልግሎት በመለየታቸው ተቋጨ። እሳቸው ግን ኢትዮጵያን ጥለው አልሄዱም። መጋቢት 4 ቀን 1946 ዓ.ም ለሕክምና የሚውል ደም ይዘው ሲበሩ በደረሰባቸው አደጋ ቆስለው መጋቢት 18 ቀን 1946 ዓ.ም አረፉ፤ በጉለሌ መካነ መቃብርም ተቀበሩ።

ኢትዮጵያውያንን ለበረራ ሙያ የማብቃቱ ጥረት በሲቪል አቪዬሽኑም ዘርፍ ረዥም ጊዜ ጠይቋል። እ.ኤ.አ. በ1946 በረራ የጀመረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጀመሪያ በአሜሪካውያን አብራሪዎችና ሥራ አስኪያጆች ይመራ ነበር። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና አብራሪ የሆኑት እ.ኤ.አ. በ1957 ሲሆን፣ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ የሆኑት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ኮሎኔል ሮቢንሰን ይህን ለማየት አልታደሉም።

ኢትዮጵያ በሥራና በሙያ የሚፈጸም ልዩነትን የሚከለክለውንና እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣውን 111ኛውን ዓለም አቀፍ የሥራ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1966 አጽድቃለች። የ1987 ዓ.ም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25ም በዘር፣ በብሔር፣ በቀለም፣ በፆታ፣ በቋንቋና በሃይማኖት ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። ድንጋጌዎቹ ሕይወት የሚዘሩት ግን ቅጥር፣ ምደባና የደረጃ ዕድገት በሚወሰንበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ከርቲስ ራይት በሩን እንደዘጋ ቢቀር ኖሮ አንድ ትጉህ የጽዳት ሠራተኛ ይኖረው ነበር፤ ኢትዮጵያ ግን በጭንቅ ቀኗ የደረሰላትን የአየር ኃይል አዛዥ ባላገኘች ነበር።